ሁለትና ሦስት ሞኒተር በአንድ ጠረጴዛ፦ ለደብረ ብርሃንና ለአካባቢው ቤቶች

ሞኒተር ከመግዛታችሁ በፊት ኮምፒውተሩን አዙራችሁ ጀርባውን እዩ። አብዛኛው ሰው የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው፤ መጀመሪያ ሁለት ስክሪን ይገዛል፣ ቀጥሎ የሚገጥም ገመድ ፍለጋ ይወጣል፣ ከዚያ ጠረጴዛው ይጠበዋል፣ በመጨረሻም መብራት ሄዶ ሲመጣ አንዱ ይቃጠልበታል። አካሄዱ መገልበጥ አለበት። በመጀመሪያ የኮምፒውተሩ መውጫ፣ ቀጥሎ የቤቱ መብራት፣ ከዚያ ጠረጴዛውና ግድግዳው፣ ሞኒተሩ መጨረሻ። ሰሜን ሸዋ ላይ ደግሞ የመብራቱ መዋዠቅ፣ የጭቃ ግድግዳውና ከፍታው እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ጣጣ አላቸው። ቤት ሆናችሁ ሒሳብ፣ ዲዛይን፣ ትርጉም ወይም ፕሮግራሚንግ የምትሠሩ ከሆነ የሚከተለው ይጠቅማችኋል።

ኮምፒውተሩ ስንት ስክሪን ይችላል?

ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። ለምሳሌ አነስተኛው ኤችፒ ኤሊትዴስክ 800፣ ጂ1ም ሆነ ጂ2፣ ሁለት ዲስፕሌይፖርትና አንድ ቪጂኤ መውጫ አለው። ከ4ኛው ትውልድ ኢንቴል ጀምሮ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ግራፊክስ በአንድ ጊዜ ሦስት ስክሪን ስለሚያወጣ ሌላ የግራፊክስ ካርድ ሳይገዛ ሦስቱንም መጠቀም ይቻላል። 2ኛው ትውልድ ግን ከሁለት አያልፍም። ሦስተኛ መውጫ ቢኖረውም ሦስተኛው ስክሪን ጨለማ ሆኖ ይቀራል። የገመድ ብልሽት መስሏቸው ገመድ ሲቀያይሩ የሚውሉ ብዙ ናቸው።

ካርድ መጨመር ካስፈለገ ለእነዚህ ጠባብ ዴስክቶፖች ግማሽ ቁመት ያለው ካርድ ብቻ ነው የሚገባው። ኳድሮ ፒ400 ጥሩ ምርጫ ነው፤ ሦስት ሚኒ ዲስፕሌይፖርት አለው፣ 30 ዋት ብቻ ስለሚወስድ ከፓወር ሳፕላዩ የተለየ ገመድ አይፈልግም። ስትገዙ ሁለት ነገር አረጋግጡ፦ ከጀርባ የሚታሰረው ብረት አጭሩ መሆኑን፣ እና ከሚኒ ዲስፕሌይፖርት ወደ ሞኒተራችሁ የሚቀይሩት ገመዶች አብረው መኖራቸውን። ካርዱ ከገባ በኋላ የማዘርቦርዱ መውጫዎች ብዙ ጊዜ በራሳቸው ይዘጋሉ። ሁለቱንም አንድ ላይ መጠቀም የሚፈልግ ሰው ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሣቱ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ) ገብቶ የውስጡን ግራፊክስ ማብራት አለበት። አንዳንዱ ባዮስ ማልቲ ሞኒተር በሚል ስም ነው ያስቀመጠው።

ላፕቶፕ ላይ የራሱ ስክሪን እንደ አንድ ይቆጠራል። ኤችዲኤምአይ መውጫው አንድ ሞኒተር ያወጣል፤ ጥያቄው ሁለተኛው በየት ይውጣ ነው። ታይፕ ሲ ቀዳዳ አለኝ ብሎ መተማመን አይበቃም፣ ሁሉም ታይፕ ሲ ምስል አያወጣምና። ከቀዳዳው አጠገብ የዲስፕሌይፖርት ምልክት (ዲ እና ፒ የተጠላለፉበት) ወይም የተንደርቦልት የመብረቅ ምልክት ካለ ያወጣል። ሦስት ጣት ያለው የዩኤስቢ ምልክት ብቻ ከሆነ መረጃ እንጂ ምስል አያሳልፍ ይሆናል። አንዳንድ ፋብሪካ ደግሞ ለቻርጅም መብረቅ ስለሚስል የላፕቶፑን ሞዴል ቁጥር ይዛችሁ ዝርዝሩን ከፋብሪካው ገጽ ማየት ይሻላል። ምስል ለማያወጣ ቀዳዳ የትኛውንም ውድ ገመድ ብትሰኩ ለውጥ የለውም። ለዚያ ዓይነቱ ላፕቶፕ የሚሆነው የዲስፕሌይሊንክ መቀየሪያ ነው። በሰማያዊው ዩኤስቢ 3 ይሰካል፣ ድራይቨር ይጫንለታል፣ ምስሉን የሚሠራው በፕሮሰሰሩ ጉልበት ነው። ለኤክሴልና ለጽሑፍ በቂ ነው፤ ለቪዲዮ ኤዲቲንግ አትግዙት።

ማክቡክ የያዛችሁ ተጠንቀቁ። ኤም 1 እና ኤም 2 ማክቡክ ኤር በራሳቸው አንድ የውጭ ሞኒተር ብቻ ነው የሚያወጡት። ኤም 3 ኤር ሁለት የሚያወጣው ክዳኑ ሲዘጋ ነው። ሁለት ኤችዲኤምአይ ያለው ርካሽ ሀብ ዊንዶውስ ላይ ሁለት የተለያየ ምስል ሲያወጣ፣ ማክ ላይ ግን ሁለቱም ሞኒተር ላይ አንዱኑ ምስል ይደግመዋል።

ኤችዲኤምአይ ስፕሊተርም እንዲሁ ነው። ለዲኤስቲቪና ለአዳራሽ የተሠራ ዕቃ ነው፤ አንዱን ምስል ይደግማል እንጂ ጠረጴዛችሁን አያሰፋም። ሻጩ ሁለት ስክሪን ይሠራል ሲላችሁ አልዋሸም፣ ጥያቄያችሁ ሌላ ስለሆነ ነው።

መቀየሪያ ገመዶች አቅጣጫ አላቸው። ከዲስፕሌይፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ የሚሄደው ርካሽ ነው፤ ተገልብጦ ግን አይሠራም። ኮምፒውተሩ ኤችዲኤምአይ፣ ሞኒተሩ ዲስፕሌይፖርት ብቻ ከሆነ የዩኤስቢ ኃይል የሚወስድ ልዩ መቀየሪያ ያስፈልጋል። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤም ውስጡ ቺፕ ያለው ነው የሚሠራው። ቪጂኤ ድምፅ አያሳልፍም፤ ገመዱ ሲረዝም ፊደሉ ጥላ ያወጣል። ስለዚህ ቪጂኤውን ኢሜይልና ቴሌግራም ለሚታይበት ለጎንዮሹ ስክሪን ተዉት።

ለ1080 ሞኒተር (የምስሉ ቁመት 1080 ነጥብ ወይም ፒክስል ለሆነው) ማንኛውም ደህና ኤችዲኤምአይ ገመድ ይበቃል። 4ኬ (የ1080ውን አራት እጥፍ ነጥብ ያለው) ከሆነ ግን ኮምፒውተሩም ሞኒተሩም ኤችዲኤምአይ 2.0 ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለባቸው። 1.4 ከሆነ ምስሉ በሰከንድ 30 ጊዜ ብቻ ስለሚታደስ ማውዙ የሚጎተት ይመስላል። ርዝመቱ 2 ሜትር ይሁን። ሞኒተሩ በተንቀሳቃሽ የብረት ክንድ የሚታሰር ከሆነ ግማሽ ሜትር ትርፍ ጨምሩ።

የትኛው ሞኒተር

ለብዙ ሰው ትክክለኛው መልስ ሁለት ባለ 24 ኢንች፣ ተመሳሳይ ሞዴል ነው። ባለ 27 ኢንች 1080 ትልቅ ይመስላል እንጂ ነጥቦቹ በአንድ ኢንች 82 ብቻ ናቸው፤ ባለ 24ቱ 92 አለው። ልዩነቱ የሚታየው በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ነው። ግዕዙን ከካዕብ፣ ሣልሱን ከኃምስ የሚለየው ትንሽ ቅጥያ ስለሆነ በ10 ፖይንት ፊደል ላይ ነጥቦቹ ሲሰፉ ቅጥያው ይድበሰበሳል። መጽሐፍና መጽሔት የምታቀናብሩ ከሆነ ባለ 27 ኢንች 1440ው (በአንድ ኢንች 109 ነጥብ) ለዓይናችሁ ትልቅ ዕረፍት ነው።

ያገለገለ ስትገዙ ላፕቶፓችሁንና ገመዳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭና ጥቁር ምስሎችን በሙሉ ስክሪን አሳዩበት። በጥቁሩ ላይ የሚያበራ ነጥብና ከጠርዝ የሚፈስ ብርሃን ይታያል፤ በነጩ ላይ ደግሞ ቢጫ የሆነ ጥግ። 20 ደቂቃ ያህል ሳታጠፉት ጠብቁ፣ አንዳንዱ ሲሞቅ ነው የሚብለጨለጨው። የሜኑ ቁልፎቹን ሁሉ ተጫኑ። ከጀርባው አራቱ የቬሳ ቀዳዳዎች (ሞኒተሩ ከማቆሚያ ጋር የሚታሰርባቸው፣ በ10 ሳ.ሜ ወይም በ7.5 ሳ.ሜ ካሬ) ካሉ እግሩ ቢጠፋም ምንም አይደል፤ እንዲያውም እግር የሌለው ዋጋው ስለሚቀንስ እኔ የምመርጠው እሱን ነው።

አዳፕተሩ ላይ ዓይናችሁን አትንቀሉ። ብዙ የሳምሰንግ ሞኒተሮች 14 ቮልት፣ ብዙ የኤልጂ ሞኒተሮች ደግሞ 19 ቮልት ነው የሚፈልጉት፤ ጫፋቸው ተመሳስሎ ሊገባ ይችላል። 14 የሚፈልገውን በ19 ብትሰኩት ሊቃጠል ይችላል፤ ወዲያው ባይሞትም ዕድሜው ያጥራል። ከሞኒተሩ ጀርባ የተጻፈው ቮልትና ከአዳፕተሩ ላይ የተጻፈው ቮልት እኩል ይሁን፤ አምፔሩ የአዳፕተሩ ቢበልጥ ችግር የለውም፣ ቢያንስ ግን አይሆንም። የመሐሉ ዘንግ ፖዘቲቭ ወይም ኔጋቲቭ መሆኑን የሚያሳየውን ትንሽ ሥዕልም አመሳክሩ።

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሞኒተር የሚሰበረው ብዙውን ጊዜ በዚህ መንገድ ላይ ነው። ካርቶን ከሌለው ሁለቱን ሞኒተሮች ፊት ለፊት አግጥሙ፣ በመሐላቸው ጠፍጣፋ ካርቶን አስገቡ፣ በብርድ ልብስ ጠቅልሉና በቁመታቸው አቁማችሁ ጫኑ። አስተኝቶ መጫን ክልክል ነው። መኪናው ሲነጥር ክብደቱ ሁሉ መስታወቱ መሐል ላይ ያርፋል፤ ከላይ አንድ ጆንያ ከተጫነበት ደግሞ አለቀ። ከሚኒባስ ጣሪያ ላይ የሚሄድ ሞኒተርም አትላኩ።

ጠረጴዛው፣ ግድግዳውና በያጁ

ባለ 24 ኢንች ሞኒተር ወርዱ 54 ሳ.ሜ ያህል ነው። ለሁለት 120 ሳ.ሜ ጠረጴዛ ይበቃል፣ 140 ቢሆን ይመረጣል። ለሦስት፣ የጎኖቹ ወደ እናንተ ሲታጠፉ፣ 160 ያስፈልጋል። ጥልቀቱ ግን ከርዝመቱ ይበልጥ ይረሳል። ዓይናችሁ ከስክሪኑ ከ50 እስከ 70 ሳ.ሜ መራቅ አለበት፤ የሞኒተሩ እግር ብቻውን 20 ሳ.ሜ ስለሚበላ በ50 ሳ.ሜ የትምህርት ቤት ጠረጴዛ ላይ አፍንጫችሁ ስክሪኑን ይነካል። አናጺውን 70 በሉት።

ግድግዳ ላይ ማሰርን በተመለከተ፣ ጭቃ ቤት ከሆነ ተዉት። ምርጊቱ ፊሸር አይዝም። በልስኑ ስር ያለውን ቋሚ እንጨት አግኝቶ ረጅም ብሎን ማስገባት ቢቻልም እንጨቱ ምስጥ እንዳልበላው ከውጭ ማወቅ አይቻልም፤ የተዘረጋ ክንድ ደግሞ ሞኒተሩን ከግድግዳው 40 ሳ.ሜ ሲያርቀው የላይኞቹን ብሎኖች እንደ ጉጠት ይነቅላቸዋል። ብሎኬት ከሆነ ይቻላል፤ ነገር ግን ብሎኬት ውስጡ ክፍት ስለሆነ ትራፓኖውን የመዶሻ ምቱን አጥፍታችሁ ብሱ፣ አለዚያ የውስጡ ቅርፊት ይረገፍና ፊሸሩ አየር ውስጥ ይቀራል። 8 ሚ.ሜ የሆነ፣ ከውስጥ የሚያብጥ ረጅም ፊሸር ተጠቀሙ። ይህን ሁሉ ችግር የሚያስቀረው ጠረጴዛው ላይ ማሰር ነው።

ገበያ ላይ ያለው በጋዝ የሚሠራ ክንድ ጥሩ ዕቃ ነው፤ ግን ጠረጴዛችሁ 18 ሚ.ሜ ቺፑድ ከሆነ መቆንጠጫው ይጨፈልቀዋል። ከላይም ከታችም 10 በ10 ሳ.ሜ የሆነ 3 ሚ.ሜ ላሜራ አስገቡና አጥብቁ። ክንዱ የሚችለውን ክብደትም እዩ። ባለ 24 ኢንች ያለ እግሩ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ይመዝናል፤ ዝቅተኛው 4 ኪሎ የሆነ ክንድ ቀላሉን ሞኒተር ይዞ ወደ ላይ ይወጣል እንጂ ባቆማችሁት አይቆምም።

የእኔ ምርጫ ግን በያጅ የሚሠራው ማቆሚያ ነው። ዋጋው ይቀንሳል፣ አይርገበገብም፣ ብረቱም እንደ ልብ ይገኛል። ጉድለቱ አንድ ጊዜ ከተበየደ ቁመቱ አለመለወጡ ስለሆነ አስቀድማችሁ በትክክል ለኩ። በምትሠሩበት ወንበር ቀጥ ብላችሁ ተቀመጡ፣ ሌላ ሰው ከወለሉ እስከ ዓይናችሁ ይለካ። 118 ሳ.ሜ ቢመጣና ጠረጴዛችሁ 74 ቢሆን፣ ዓይናችሁ ከጠረጴዛው 44 ሳ.ሜ ከፍ ይላል። የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይን 2 ሳ.ሜ ያህል ዝቅ ይበል፣ ማለትም 42። የባለ 24 ኢንች ግማሽ ቁመት ከነጠርዙ 16 ስለሆነ የቬሳው መሐል ከጠረጴዛው 26 ሳ.ሜ ላይ ይውላል። ባለ ሁለት ክፍል መነጽር የምታደርጉ ከሆነ ከዚህም ከ4 እስከ 5 ሳ.ሜ ዝቅ አድርጉት፤ ካልሆነ ቀኑን ሙሉ አንገታችሁን ቀና አድርጋችሁ ትውላላችሁ። የቬሳ ቀዳዳዎቹ መሐል ላይ የማይሆኑበት ሞዴልም ስላለ የራሳችሁን ሞኒተር ጀርባ ሳትለኩ ቁጥሩን ለበያጁ አትስጡ።

ለሁለት ሞኒተር የሚያስፈልገው ይህ ነው፦ 40 በ40 የሆነ 1.5 ሚ.ሜ ውፍረት ያለው ቱቦላሬ፣ 24 ሳ.ሜ ለምሰሶው እና ሁለት ባለ 35 ሳ.ሜ ለአግዳሚው፤ 15 በ15 የሆነ 4 ሚ.ሜ ላሜራ ሁለት፣ አንዱ ከምሰሶው ሥር የሚበየድ፣ ሌላው ከጠረጴዛው በታች የሚውል፤ 12 በ12 የሆነ 3 ሚ.ሜ ላሜራ ሁለት ለቬሳው፤ አራት ባለ 8 ሚ.ሜ ብሎን ከነዳዶውና ከነሮንዴላው፤ ስምንት ባለ 4 ሚ.ሜ ብሎን ከነሮንዴላው።

ሁለቱ አግዳሚዎች ምሰሶው ላይ ሲገናኙ ቀጥ ብለው ሳይሆን እያንዳንዳቸው 12 ዲግሪ ያህል ወደ እናንተ ታጥፈው ይሁኑ። በያጁ ዲግሪ መለኪያ ባይኖረው እንኳ ጫፉ ከቀጥታው መስመር 7 ሳ.ሜ ወደ ፊት ከወጣ ልኩ ነው። እዚህ ላይ ሳይታሰብ የሚመጣ ነገር አለ። ስክሪኖቹ የሚቀመጡት ከአግዳሚው ፊት ስለሆነ እጥፋቱ የውስጥ ጠርዞቻቸውን ወደ መሐል ይገፋቸዋል። የቬሳውን መሐል በትክክል ግማሽ ወርድ (27 ሳ.ሜ) ላይ ብታደርጉት ሁለቱ ሞኒተሮች ይጋጫሉ። ከእጥፋቱ 28.5 ወይም 29 ሳ.ሜ ላይ አድርጉት።

የቬሳውን ቀዳዳ ክብ አታድርጉት። 5 ሚ.ሜ ወርድ ያለው፣ ከላይ ወደ ታች 12 ሚ.ሜ የሚረዝም ሞላላ ከሆነ ሁለቱን ስክሪኖች በውሃ ልክ ማስተካከል ይቻላል። ብየዳ ሲቀዘቅዝ ብረቱን ስለሚስበው መጀመሪያ ነጥብ ነጥብ ብቻ አስይዙት፣ ለኩት፣ ከዚያ ይሙላው። ቀለም ተቀብቶ ከደረቀ በኋላ ነው ሞኒተር የሚታሰረው። ለብሎኑ ርዝመት፣ ላሜራው 3፣ ሮንዴላው 1፣ ሞኒተሩ ውስጥ የሚገባው ከ6 እስከ 8 ሚ.ሜ፣ ስለዚህ ከ10 እስከ 12 ሚ.ሜ ይበቃል። መጀመሪያ የቀዳዳውን ጥልቀት በክብሪት እንጨት ለኩ፤ የረዘመ ብሎን የውስጡን ቦርድ ይወጋል፣ ያ ደግሞ አይጠገንም።

የሁለቱ ስክሪኖች መገናኛ አፍንጫችሁ ፊት የሚሆነው ሁለቱን እኩል ለሚጠቀም ሰው ነው። አንዱን አብዝታችሁ የምታዩ ከሆነ እሱን ፊት ለፊት፣ ሌላውን በጎን አድርጉ፤ ምሰሶውን በዚያው ልክ 27 ሳ.ሜ አዛውሩት። አንገት የሚያመው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

መብራት

ሞኒተር ብዙ አይበላም። ባለ 24 ኢንች ኤልኢዲ ከ15 እስከ 25 ዋት ነው፤ የድሮው በፍሎረሰንት የሚበራው ግን እጥፉን ይወስዳል። ሁለት ሞኒተርና አንድ ላፕቶፕ 100 ዋት አይሞሉም። ጥያቄው የፍጆታ ሳይሆን የጥራት ነው።

ብዙዎቹ ሞኒተሮች ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበሉ ቮልቴጁ ወደ 160 ቢወርድ ምንም አይሆኑም። የሚገድላቸው ሲወጣ ነው። ከትራንስፎርመሩ የሚመጣው ኑትራል (መመለሻው ሽቦ) ሲበጠስ ወይም ሲላላ በሦስቱ ፌዝ (ኃይሉን በሚያመጡት ሽቦዎች) መካከል ያለው 380 ቮልት በቤቶቹ መካከል ይከፋፈልና አንዱ ቤት ሲደበዝዝ ሌላው ቤት ከልክ በላይ ይበራል። አምፖላችሁ ከወትሮው ነጥቶ ካበራ ሳታመነቱ ዋናውን ብሬከር አውርዱ። ለዚህ የሚያስፈልገው ሪሌው ቀጭ ቀጭ የሚል ርካሽ ስታቢላይዘር አይደለም፤ ቮልቴጁ ሲበዛ ፈጽሞ የሚቆርጥና መብራት ሲመለስ ጥቂት ዘግይቶ የሚለቅ ጋርድ ነው። ቲቪ ጋርድ ወይም ፍሪጅ ጋርድ እየተባለ የሚሸጠው ለዚህ ይሆናል። ቅደም ተከተሉ ሶኬት፣ ጋርድ፣ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆየው)፣ ዲቫይደር፣ ከዚያ ዕቃዎቹ።

650 ቪኤ ዩፒኤስ ውስጡ ያለው ባትሪ ብዙውን ጊዜ 12 ቮልት 7 አምፔር ሰዓት ነው። በወረቀት 84 ዋት ሰዓት ቢሆንም በፍጥነት ሲጨለጥ ግማሹን ያህል ብቻ ይሰጣል። 80 ዋት ብትጭኑበት 25 ደቂቃ፣ 150 ዋት ብትጭኑበት 10 ደቂቃ ገደማ ጠብቁ፤ ያውም ባትሪው አዲስ ከሆነ። በኅዳርና በታኅሣሥ የደብረ ብርሃን ውርጭ ላይ ከዚህም ይቀንሳል፣ ባትሪ ሲቀዘቅዝ አቅሙ ይወርዳልና። ዩፒኤሱን ከሲሚንቶ ወለል አንሥታችሁ ጣውላ ላይ አስቀምጡት። መብራት ሲሄድ ሁለተኛውን ሞኒተር ማጥፋት ልማድ ይሁን፣ ደቂቃዎቹ ይረዝማሉ። ፕሪንተር ዩፒኤስ ላይ አትሰኩ።

ኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። እንጀራ በሚጋገርበት ቀን ኮምፒውተሩ ድንገት እየጠፋ የሚነሣ፣ ሞኒተሩም ለሰከንድ የሚጨልም ከሆነ ሁለቱ በአንድ መስመር ላይ ናቸው ማለት ነው። ከብሬከሩ ጀምሮ ለሥራ ክፍሉ የራሱ መስመር፣ በ2.5 ሽቦ፣ ማስዘርጋት ነው መፍትሔው። ዲቫይደር መቀያየር አይረዳም።

አሁን ብዙዎች ንቀው ወደሚያልፉት ወደ መሬቱ ሽቦ (ኧርዝ) እንምጣ። የኮምፒውተሩን ብረት ስትነኩ ንዝር ካደረጋችሁ ቤቱ ኧርዝ የለውም። ፓወር ሳፕላዩ ውስጥ ያሉት ትናንሽ ካፓሲተሮች ብረቱን ወደ 110 ቮልት ያንሳፍፉታል፤ ጉልበቱ ትንሽ ስለሆነ ሰው አይጎዳም፣ የኤችዲኤምአይ ቺፕ ግን ይጎዳል። ዴስክቶፑ ከአንድ ሶኬት፣ ሞኒተሩ ከሌላ ተሰክተው ሳለ ገመዱን በመሐል ስትሰኩ ያ የተንሳፈፈ ቮልት በገመዱ በኩል ይወርዳል። "ኤችዲኤምአዩ በድንገት ሞተ" የሚባለው አንዱ መንስኤ ይህ ነው። ሁሉንም ዕቃ ከአንድ ዲቫይደር አብሉት፤ የምስል ገመዶችን ስትሰኩም ስትነቅሉም ስፒናዎቹ ሁሉ ከተነቀሉ በኋላ ይሁን። ከዚያ ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ በመሬት የሚቀበር ዘንግ አስተክሉ። የስፒናን ሦስተኛ እግር መቁረጥ ወይም በሁለት እግር መቀየሪያ ማለፍ ኧርዙን ከነጭራሹ ማጥፋት ነው።

በክረምት ነጎድጓድ ሲቀርብ ስፒናውን ንቀሉ። ጋርድም ዩፒኤስም መብረቅን አያቆሙም። የኢንተርኔቱን ገመድም አብራችሁ ንቀሉ፣ መብረቁ በዚያም ይገባል።

ከፍታው፣ ብርሃኑ፣ ቅዝቃዜው

ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል ወደ 2,800 ሜትር ላይ ናት። አንዳንድ የቻይና አዳፕተሮችን ብታገላብጡ ትንሽ የተራራ ሥዕልና 2000 ሜትር የሚል ታገኛላችሁ፤ የውስጡ የሽቦዎች ርቀት የተመዘነው እስከዚያ ከፍታ ብቻ ነው ማለት ነው። አየሩ ሲሳሳ ኤሌክትሪክ በቀላሉ ይዘላል፣ ሙቀትም በደንብ አይወጣም። ስለዚህ አዳፕተሮችን አትደራርቡ፣ ከመጋረጃና ከምንጣፍ ሥር አትክተቱ፣ ከጠረጴዛው በታች በ5 ሳ.ሜ ልዩነት እሰሯቸው። አዲስ ስትገዙ ያ ምልክት የሌለበትን ምረጡ። መሐል ሜዳና መንዝ ላላችሁ ይህ የበለጠ ይመለከታችኋል።

ሸዋ ሮቢት ደግሞ ሌላ ነው። ከፍታው 1,280 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሙቀትና አቧራ እንጂ የሳሳ አየር አያስቸግርም። ነገር ግን ሌሊቱን ደብረ ብርሃን ያደረ ሞኒተር በጣርማበር ወርዶ ጠዋት ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ቀዝቃዛው መስታወትና ቦርድ ላይ ከሞቃቱ አየር ጤዛ ይያያዛል። ከነካርቶኑ ሁለት ሦስት ሰዓት ይቆይ፣ ከዚያ ይሰካ።

መስኮት ከጀርባችሁም ከፊታችሁም አይሁን፤ በጎን ይሁን። ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይ በቀትር እንኳ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል በደቡብ መስኮት ቀኑን ሙሉ ትገባለች፤ የምሥራቁ መስኮት ግን እስከ 4 ሰዓት ገደማ ብቻ ነው የሚያስቸግረው። ቡና የሚፈላበትና ከሰል የሚነድበት ክፍል ከሆነ ጭሱና አመዱ በሞኒተሩ ጀርባ ቀዳዳዎች ገብቶ ይጋገራል፣ ማንደጃው ይራቅ። ስክሪኑን በአልኮል አትጥረጉት፤ በጥቂት ውሃ የረጠበ ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል።

ሲበራ የሚገጥመው

የዊንዶውስ ቁልፍና ፒ ተጫኑና ኤክስቴንድ የሚለውን ምረጡ። ዲስፕሌይ ሴቲንግ ውስጥ አይደንቲፋይ ስትሉ ቁጥሮቹ በየስክሪኑ ይወጣሉ፤ ሣጥኖቹን እየጎተታችሁ በጠረጴዛው ላይ እንዳሉት አሰልፏቸው። ማውዙ ጠርዝ ላይ ተይዞ አላልፍ ካለ ሣጥኖቹ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ብሏል፣ ወይም ግራና ቀኙ ተገልብጧል። 1200 ቁመት ያለው የድሮ ዴል ከ1080ው አጠገብ ካለ ትርፉ 120 ነጥብ ሁልጊዜ ማውዝ ይይዛል፤ የታች ጠርዞቹን አስተካክሉና ትርፉን ወደ ላይ ተዉት።

ጥቁሩ ግራጫ ከመሰለ ኮምፒውተሩ ሞኒተሩን ቴሌቪዥን መስሎታል። በግራፊክስ ሴቲንጉ ውስጥ ሊሚትድ የሚለውን ወደ ፉል ቀይሩት። ቴሌቪዥን እንደ ሞኒተር የምትጠቀሙ ከሆነና ታስክባሩ ከተቆረጠ፣ በቴሌቪዥኑ ሜኑ ውስጥ የምስል መጠኑን ጀስት ስካን ወይም 1 ለ 1 አድርጉት። የሁለት የተለያዩ ሞኒተሮችን ቀለም ለማቀራረብ ሁለቱንም 6500 ኬልቪን ላይ አድርጋችሁ ነጭ ወረቀት በመሐላቸው ያዙ፣ ከዚያ ደማቁን ወደ ደብዛዛው አውርዱ። ደብዛዛውን ወደ ላይ መጎተት አያዋጣም።

በዲስፕሌይፖርት የተሰካ ሞኒተር ሲያንቀላፋ ዊንዶውስ የተነቀለ ስለሚመስለው መስኮቶቹን ሁሉ ወደ አንዱ ስክሪን ያጭቃቸዋል። ዊንዶውስ 11 ላይ የየሞኒተሩን የመስኮት ቦታ አስታውስ የሚለውን አማራጭ አብሩ። አንድ ስክሪን እየጠፋ የሚመጣ ከሆነ ምንም ነገር ከመግዛታችሁ በፊት ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ የሁለቱን ሞኒተሮች ገመድ በሞኒተሮቹ በኩል ብቻ አለዋውጡ። ችግሩ እዚያው ሞኒተር ላይ ከቀረ ሞኒተሩ ወይም አዳፕተሩ ነው። ወደ ሌላው ሞኒተር ከሄደ ገመዱ ወይም የኮምፒውተሩ መውጫ ነው፤ ያን ጊዜ በኮምፒውተሩ በኩል ገመዱን ብቻ በሌላ ገመድ ተኩና እዩት።